የበረንዳ ምሰሶ ሥር በሲልኮን አይደፈን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በቤት አያያዝ ዓምዳችሁ ላይ ስለ እንጨት በረንዳ እድሳት የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ስለ ጣውላ አመራረጥና ስለ ቀለም አቀባብ የተሰጠው ማብራሪያ በአመዛኙ ትክክለኛና ጠቃሚ ነው። ሆኖም የመደገፊያው ምሰሶ ከበረንዳው ወለል ጋር ስለሚገናኝበት ቦታ ሲያወሳ፣ ዙሪያውን በሲልኮን ደፍኖ በላዩ ቀለም መቀባት እንደሚበቃ የሚገልጸውን አንድ ዓረፍተ ነገር ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ይህን ምክር የምቃወመው እኔም ለዓመታት ስሠራበት ስለቆየሁና መጨረሻውን በገዛ እጄ ነቅዬ ስላየሁት ነው። ብዙ አንባቢዎቻችሁ ምክሩን ተቀብለው ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ይህች ደብዳቤ ብትደርሳቸው ብዬ እጽፋለሁ።

የምተዳደረው በአናጢነት ሙያ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንዲት አዛውንት ደንበኛዬ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት በረንዳ ሠርቼላቸው ነበር። የመደገፊያውን ምሰሶዎች ከወለሉ ጋር ስገጥም ስንጥቅ የምታህል ክፍተት እንኳ እንዳትቀር ጣውላውን በመሮ እያስተካከልኩ ምሰሶውን አጣብቄ አስገባሁ፤ የቀረችውንም ስስ መስመር በሲልኮን ሞልቼ በጣቴ አለሰለስኳት። መገጣጠሚያው አንድ ወጥ እንጨት ይመስል ነበር። ደንበኛዬም ወደዱት፣ እኔም ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬ ሄድኩ። በአራተኛው ዓመት ደውለው «ልጄ፣ ያ ደረጃው አጠገብ ያለው ቋሚ ስደገፈው አብሮኝ ይሄዳል፤ እስቲ መጥተህ እየው» አሉኝ።

የሄድኩት ዝናብ ከጣለ ከሳምንት በላይ በሆነው ደረቅ ቀን ነበር። ምሰሶው ከላይ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ቀለሙ እንዳለ ነው፣ የተሰነጠቀ ነገርም አይታይም። ሲልኮኑን በቢላ ስቀደው ግን ከሥሩ ውሃ አቀረረ። ከዚያ ካቻቢቴ አንሥቼ በጣውላውና በምሰሶው መካከል ምሰሶውን ወጋ ባደርገው፣ ምንም ሳልገፋው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ሳወጣው ይዞት የመጣው ነገር ቡና ዓይነት ቀለም ያለው፣ በትንንሽ ዳማ እየተሰባበረ በጣት ሲታሽ ዱቄት የሚሆን ብናኝ ነው፤ ሽታውም ዝናብ የጠገበ የጫካ አፈር ነው። ከዚያው ቦታ አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ ስወጋው ደግሞ እንጨቱ የካቻቢቴውን ጫፍ አላስገባም አለ፤ የገጠምኩት ዕለት እንደነበረው ጠንካራ ነው። ያ ሙሉ ምሰሶ የሞተው በአንዲት አራት ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ ነበር፤ ያችም ቦታ እኔ አጣብቄ የደፈንኳት ናት። ደንበኛዬ «ምስጥ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ምስጥ እንዳልሆነና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ድረስ አላመጣውም ነበር። መደገፊያ የሚሠራው አዋቂ እንዲደገፈው ነው፤ ልጅ ይንጠላጠልበታል፣ አዛውንትም ሲደክማቸው ክብደታቸውን ይጥሉበታል። 1 ሜትር ከፍታ ያለው ምሰሶ አናቱ ላይ ሲገፋ እንደ ድጅኖ ይሠራል፤ እጀታው ረጅም ሲሆን ጫፉ ላይ ያለው ጉልበት ይበረታል። ሥሩን የያዙት ሁለት ብሎኖች ላይና ታች በ10 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ አናቱ ላይ ያረፈው ግፊት ላይኛው ብሎን ዘንድ ሲደርስ ወደ 10 እጥፍ ያህል ያድጋል። በ80 ኪሎ ግፊት የተደገፈ ሰው ያን ብሎን በ800 ኪሎ ጉልበት እየሳበው ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጫና የሚሸከመው ብሎኑ ያለፈበት እንጨት ነው፤ ብሎኑ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን የነከሰው እንጨት ዱቄት ከሆነ የያዘው ነገር የለም።

ምሰሶ ባይሆንም ከዚሁ ዓይነት መገጣጠሚያ የመጣ አንድ አደጋ እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ፣ የአንድ አፓርታማ በረንዳ ከነበሩበት 13 ሰዎች ጋር ተደርምሶ 6 ወጣቶች ሲሞቱ የቀሩት 7ቱ ቆስለዋል። በረንዳውን የተሸከሙት እንጨቶች ከግድግዳው በሚወጡበት ቦታ ላይ ውሃ ተቋጥሮባቸው ክፉኛ በስብሰው ተገኙ። ሕንፃው ከተሠራ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ከዚህ በኋላ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕግ አውጥታ፣ ብዙ አባወራ የሚኖርባቸው ሕንፃዎች ያሏቸውን ከፍ ያሉ የእንጨት በረንዳዎች በየ6 ዓመቱ እንዲያስመረምሩ አስገድዳለች። ያን በረንዳ ከላይ የረገጠ ሰው ከበታቹ ያለውን ብስባሴ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው መፍትሔውን ራሱ ያገኘዋል ብዬ አምናለሁና። እንጨት በቁመቱ የታሰረ የቀጫጭን ቱቦዎች ጥቅል ነው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ከሥሩ ወደ ቅርንጫፉ የሚወጣው በእነዚህ ቱቦዎች ነው፤ ዛፉ ተቆርጦና ተልጎ ምሰሶ ከሆነም በኋላ ቱቦዎቹ ውሃ መሳባቸውን አይተዉም። በጎኑ ላይ ያረፈ የዝናብ ጠብታ በአብዛኛው ተንሸራትቶ ይወርዳል ወይም ባለበት ይደርቃል። የተቆረጠው ጫፍ ግን የቱቦዎቹ አፍ ነው፤ ውሃ ካገኘ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስበዋል፤ በዚህ በኩል የሚገባው ውሃም በጎን ከሚገባው በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ምሰሶ ሥሩ ላይ ቀድሞ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው፤ ጫፉ እዚያ ነው፣ ውሃውም የሚወርደው ወደዚያ ነው።

እንጨቱን የሚበላው ውሃው ራሱ አይደለም። የሚበላው በዓይን በማይታይ ዘር በየነፋሱ የሚዞረውና ምቹ ቦታ ሲያገኝ የሚበቅለው ፈንገስ ነው። ፈንገስ እንደማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ምግብ፣ ውሃ፣ አየርና መጠነኛ ሙቀት ይፈልጋል። አንዱን ከነፈጉት ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1628 በስቶክሆልም ወደብ የሰመጠችው ቫሳ የተባለች የጦር መርከብ በ1961 ከባሕር ስትወጣ አካሏ አብዛኛው እንዳለ የተገኘው፣ አየር በሌለበትና ቀዝቃዛ በሆነ ውሃ ውስጥ ተቀብራ ስለቆየች ነው። ጣሪያ ሥር በደረቅ የሚኖር ማገርም አየር ሞልቶት ውሃ ስለሌለው ዘመናት ይሻገራል። ምሰሶው ወለሉን የሚነካበት ቦታ ግን ውሃውም አየሩም በአንድነት የሚገኙበት መካከለኛ ቦታ ነው። ጥላ ነው፣ ነፋስ አይደርሰውም፣ ውሃው ይቆይበታል፤ ነገር ግን ለፈንገሱ የሚበቃ አየር አያጣም።

በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ እስከቆየ ድረስ ፈንገሱ መነሣት አይችልም። ወደ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲደርስ ግን ይስፋፋል። በጊዜ ካልታየ ደግሞ ጉዳቱ ዓይን ከሚያየው ቀድሞ ይሄዳል። ቡናማውን ብስባሴ የሚያመጡት የፈንገስ ዓይነቶች የእንጨቱን ክብደት ገና ከ10 በመቶ በታች ቀንሰው ሳለ፣ የመታጠፍ ብርታቱን ከግማሽ በላይ ሊያጠፉት ይችላሉ። ስለዚህ «ጠቆር ብሏል እንጂ ገና ደህና ነው» የሚባለው ምሰሶ ደህና ላይሆን ይችላል። ምስጥ የበላው እንጨት ቦይ ቦይ የተቆፈረና ጭቃ የተለሰነበት ነው፤ ፈንገስ የበላው ግን ወይ በዳማ ይሰነጣጠቃል፣ ወይም ነጥቶ እንደ ቃጫ ይተለተላል። ሁለቱን አለመለየት ሰዉን ለምስጥ መድኃኒት ብዙ ወጪ ያስወጣዋል፤ ውሃው ግን ባለበት ይቀራል።

ታዲያ ሲልኮኑ ውሃውን ቢከለክልልን ምን ይጎዳል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቢከለክልልን ጥሩ ነበር። እንጨት ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ቁመቱ ብዙም አይለወጥም፣ ወርዱ ግን ይለወጣል። 100 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው የጥድ እንጨት፣ የያዘው እርጥበት በ10 በመቶ ከፍና ዝቅ ሲል ወርዱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሊለዋወጥ ይችላል። ምሰሶውና ጣውላው ደግሞ የቱቦዎቻቸው አቅጣጫ የተለያየ ስለሆነ በአንድ ላይ አያብጡም፣ በአንድ ላይ አይሟሽሹም። በሁለቱ መካከል የገባች ስስ የሲልኮን መስመር ይህን ሁሉ መሳሳብ ዓመት ከዓመት ልትችለው አትችልም፤ አንድ ቦታ ላይ ከእንጨቱ ትለቃለች። የምትለቀው ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ነው፤ ከላይ ለሚያይ ሰው አትታይም። ውሃ ግን በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ራሱን ስቦ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ፀሐይም ነፋስም አያገኘውም፣ ከሥሩም የሚንጠባጠብበት ቀዳዳ የለም። መግቢያ ሰጥተነው መውጫ ነፈግነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መድፈኛው ከላይ ደህና ስለሚመስል ባለቤቱ እንዳይጠረጥር ማድረጉ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር የዓምዱ ተቃራኒ ነው፤ መገጣጠሚያው ክፍት ይሁን። የወለሉ ጣውላ በምሰሶው ዙሪያ ሲቆረጥ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይቆረጥ። በዚህ ክፍተት የገባ ውሃ በዚያው ይወርዳል፣ የቀረውን ነፋስ ያደርቀዋል። ብዙ ሰው ይህ ክፍተት የሥራ ጉድለት ይመስለዋል፤ ደንበኞቼም «አልገጠመም እኮ» ይሉኛል። መስመሩ ቀጥ ብሎ በአራቱም ጎን እኩል ከተቆረጠ ግን ታስቦበት የተሠራ መሆኑን ዓይን ራሱ ይረዳዋል። ቅጠልና አፈር ሊሞላው ይችላል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ የረጠበ ቅጠል ከሲልኮን አይሻልም፤ ውሃ ይይዛል። በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጭን እንጨት ወይም በአሮጌ ቢላ ዙሪያውን መጥረግ ያስፈልጋል፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የአበባ ማሰሮም ከምሰሶ ሥር አይቀመጥ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በስብሶ የማገኘው ማሰሮ የተጠጋውን ምሰሶ ነው።

የተቆረጠው ጫፍ የሚያርፍበትን ቦታ በተመለከተ ደግሞ፣ ምሰሶ በቀጥታ በጣውላ ላይ ወይም በኮንክሪት ላይ መቆም የለበትም። ኮንክሪት ድንጋይ ስለሚመስል ደረቅ ይመስለናል፤ እውነታው ግን ከመሬት እርጥበት እየሳበ ለእንጨቱ ጫፍ የሚያቀብል ነገር ነው። በመካከላቸው የብረት እግር መግባት አለበት፤ ይኸውም ከታች ኮንክሪቱን የሚይዝ፣ ከላይ ምሰሶውን የሚያቅፍ፣ የምሰሶውንም ጫፍ ከወለሉ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ የሚያቆም ነው። የብረት እግሩ ራሱ ውሃ የሚያቁር ሳጥን እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ በአራቱም ጎን የተዘጋ እግር ምሰሶውን ባልዲ ውስጥ እንደማቆም ነው። የኮንክሪት ጉድጓድ ውስጥ ተተክሎ ዙሪያው በሲሚንቶ የተሞላ ምሰሶም ከዚህ አይለይም፤ እንጨቱ ሲሟሽሽ በዙሪያው ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃው በዚያ ይወርዳል፣ ከታች ተዘግቷልና አይወጣም።

የመደገፊያው ምሰሶ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ እሱን ከወለሉ በታች ካለው ተሸካሚ እንጨት ጋር በብሎን ማሰር ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ምሰሶው ተሸካሚው ላይ ገባ ብሎ እንዲቀመጥ ወገቡን ግማሽ ያህል ይቀርጸዋል። እኔም ቀርጬ አውቃለሁ፤ አሁን ግን አላደርገውም። መቅረጹ ምሰሶው እጅግ ብርታት በሚፈልግበት ቦታ ላይ ውፍረቱን ይቀንሰዋል፤ በዚያ ላይ አዲስ የተቆረጠ ጫፍ ይፈጥርና ውሃ የሚተኛበት መደርደሪያ ይሆናል። ምሰሶው ሙሉ ውፍረቱን እንደያዘ በተሸካሚው ጎን ቢቆም፣ በሁለቱም መካከል በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ከማይዝግ ብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ማራቂያ ሮንዴላ ቢገባ፣ ሁለቱ እንጨቶች ሳይነካኩ ይታሰራሉ፣ ነፋስም በመካከላቸው ያልፋል። ብሎኑ ከወዲያ ወዲህ የሚያልፍ፣ በዳዶና በሰፊ ሮንዴላ የሚጠብቅ ይሁን፤ ወዲያ ሳያልፍ እንጨቱ ውስጥ የሚቀር ሚስማር ወይም አጭር ብሎን በዚያ ሁሉ ጉልበት ላይ እምነት የሚጣልበት አይደለም። የምሰሶው የታችኛው ጫፍ ደግሞ ሰያፍ ሆኖ ቢቆረጥ ውሃው በአንድ ጥግ ተሰብስቦ ይንጠባጠባል እንጂ ከሥሩ ተንጠልጥሎ አይቀርም።

የተሸካሚ እንጨቶቹ ጀርባ ላይ፣ ከጣውላው በታች፣ ቡቲል ከተባለ የጎማ ዓይነት የተሠራ ተለጣፊ ፕላስተር መለጠፍም ይጠቅማል፤ የጣውላው ብሎኖች የበሱትን ቀዳዳ ዙሪያውን አጥብቆ ስለሚይዝ ውሃ በቀዳዳው አይገባም። ይህን ፕላስተር ግን ምሰሶውን ለመጠቅለል የሚጠቀሙበት ሰዎች አጋጥመውኛል። ያ ሲልኮኑን በሌላ ስም መመለስ ነው። ፕላስተሩ የሚለጠፈው ውሃ ከላይ በሚያርፍበት ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ከታሸገ ገብቶ የቀረውን እርጥበት ያፍናል። በረንዳው የክፍል ጣሪያም ከሆነ፣ ማለትም ከሥሩ ሰው የሚኖርበት ከሆነ፣ ምሰሶው ውሃ መከላከያውን ፈጽሞ መብሳት የለበትም፤ ከጎን ካለው ግድግዳ ወይም ለዚሁ ተብሎ ከፍ ብሎ ከተሠራ መቆሚያ ላይ ይታሰር።

በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ከተጠቀምን ይህ ሁሉ ያስፈልጋል ወይ? ያስፈልጋል። በፋብሪካ በግፊት የሚነከር መድኃኒት የሚገባው በአብዛኛው ነጣ ባለው የእንጨቱ ውጫዊ ክፍል ነው፤ ወደ መሐሉ ልብ ብዙም አይዘልቅም። እኛ ምሰሶውን በልኩ ስንቆርጠው ያ መድኃኒት ያልነካው ልብ ይጋለጣል፤ የሚጋለጠውም በዚያው ውሃ በሚስበው ጫፍ ነው። በትራፓኖ የምንበሳው ቀዳዳም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ጫፍና የተበሳው ቀዳዳ ሁሉ ከመገጣጠሙ በፊት እንደ ኮፐር ናፍቴኔት ባለ መድኃኒት መቀባት አለበት። ላዩን በብሩሽ ጠረግ ማድረግ ግን አይበቃም። ምሰሶውን ገልብጬ ጫፉን ወደ ላይ አደርግና አፈስበታለሁ፤ ጠጥቶ ሲጨርስ እንደገና እጨምራለሁ፤ መጠጣቱን ሲያቆም ብቻ እተወዋለሁ። ሙሉ የሥራ ቀን ከሚወስደው ግጥሚያ ውስጥ ይህች ሩብ ሰዓት ከሁሉ በላይ ዕድሜ የምትጨምር ናት። የእጅ ጓንት ግድ ነው። የተነከረ እንጨት ቁርጥራጭም ለማገዶ አይሁን፤ በተለይ የድሮው አርሴኒክ ያለበት ሲሆን ጭሱም አመዱም መርዝ ነው።

ስለ ብረቱም አንድ ነገር ልጨምር። አርሴኒክ ያለበት የእንጨት መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካም በአውሮፓም ለመኖሪያ ቤት ሥራ እንዳይውል ከተገደበ ወዲህ፣ በምትኩ የመጡት መድኃኒቶች ብዙ መዳብ አላቸው። መዳብ ተራ ብረትን በፍጥነት ያዝገዋል፤ አሉሚኒየምንም ይበላዋል። በእነዚህ መድኃኒቶች በተነከረ እንጨት ላይ የሚገባው ብሎን፣ ዳዶና የብረት እግር ወይ በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የወጣ ወፍራም ጋልቫናይዝድ፣ ወይም ስቴንለስ ስቲል መሆን ይኖርበታል። ሁለቱን በአንድ መገጣጠሚያ ላይ መቀላቀል አይገባም፤ እርጥበት ባለበት አንዱ ሌላውን ያስበላዋል። ለማብለጭለጭ ያህል ብቻ በስሱ የተነከረው ብሎን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንገቱ ላይ ሲቀጥን አይቻለሁ፤ እንጨቱ ደህና ሆኖ ብሎኑ ቀድሞ ያለቀበት ምሰሶም እኩል አደገኛ ነው።

ሥሩን ስንጠብቅ አናቱንም መርሳት የለብንም፤ ውሃ ከላይኛው ጫፍ ገብቶ በመሐሉ ወደ ታች ይወርዳልና። አናቱ ተዳፋት ሆኖ ይቆረጥ፣ መድኃኒት ይጠጣ፣ ከዚያም ጠርዙ ከምሰሶው ወጣ ያለ ክዳን ይደረግበት። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ አብዛኛው ባለሙያ ያውቀዋል።

የተሠራ በረንዳ ያላችሁ አንባቢዎች ዛሬ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ። ዝናብ ከቆመ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ወጥታችሁ የእያንዳንዱን ምሰሶ ሥር ተመልከቱ። እንጨቱ ሌላው አካሉ ደርቆ እዚያ ብቻ የጠቆረ ከሆነ ውሃው እንዳልወጣ እወቁ። ቀለሙ ያበጠበት፣ ከብሎን ሥር የዝገት መስመር የወረደበት፣ ጥቃቅን እንጉዳይ የበቀለበት ከሆነ ነገሩ ገፍቷል። ከዚያ ስለታም ካቻቢቴ ይዛችሁ በተለይ ከታች በኩል፣ ከጣውላው በታች ገብታችሁ ውጉት፤ ጤነኛ እንጨት ይመልሰዋል፣ ሲፈለቀቅም ረጅም ስንጥር እየሆነ ይነሣል፤ የተጎዳው ግን አጭር ሆኖ በቀላሉ ይሰበራል። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ማድረግም ይረዳል፤ ውስጡ ባዶ የሆነው ድምፁ ይደፈናል። የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው መርፌዎቹን ከወለሉ አጠገብና ከዚያ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይትከላቸው፤ ሥሩ ከ20 በመቶ በላይ እያሳየ ላይኛው ደረቅ ከሆነ መገጣጠሚያው ውሃ እየያዘ ነው።

ሲልኮን ያለበትን ምሰሶ በተመለከተ፣ ሲልኮኑን በጥንቃቄ ቀዳችሁ አውጡት፤ ምሰሶውም ደህና ከሆነ ጣውላውን ዙሪያውን በቀጭን መጋዝ አስፉትና ክፍተቱን ስጡት። ሳምንታት ይደርቅ፤ ሳይደርቅ ምንም ነገር አይቀባ፤ እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ቀለምና ቫርኒሽ ውሃውን ከውስጥ መቆለፍ ነው። ሥሩ የለሰለሰውን የመደገፊያ ምሰሶ ግን እባካችሁ በማጣበቂያ ሞልታችሁ ቀለም አትቀቡት። መሙያው ቅርጹን ይመልሰዋል፣ የሰው ክብደት የሚይዘውን ብርታት ግን አይመልስም፤ ከመሙያው ጀርባ የቀረው ፈንገስም እርጥበት ሲያገኝ ሥራውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ምሰሶ ይለወጥ። እስኪለወጥም ድረስ ማንም እንዳይደገፈው ገመድ ይታሰርበት።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ስፋት፣ የምሰሶ ሥር በሲልኮን እንዳይደፈን የሚገልጽ ማስተካከያ እንድታወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጽሑፉን ያዘጋጁት ባለሙያ ምክሩን የሰጡት በቅንነት መሆኑን አልጠራጠርም፤ እኔም በዚያው ቅንነት ነበር የደፈንኩት።

የአዛውንቷን በረንዳ በራሴ ወጪ ሠራሁት። ስድስቱንም ምሰሶዎች አውጥቼ፣ ከእነርሱም አራቱ በተመሳሳይ ቦታ መለስለስ ጀምረው ስላገኘኋቸው ሁሉንም በአዲስ ተካሁ፤ ማራቂያ ሮንዴላ አስገባሁ፣ ክፍተቱን ተውኩ። መጀመሪያ ላይ ክፍተቱን አልወደዱትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በማግሥቱ ሄጄ አንድ የታጠፈ ደረቅ ወረቀት በምሰሶው ዙሪያ ባለው ክፍተት እስከ ታች አስገብቼ አዞርኩት። ሳወጣው ደረቅ ነበር፤ ለእሳቸውም ሰጠኋቸው፣ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያም ምሰሶውን ይዘው ደረጃውን ወረዱ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አናጢ አንባቢያችሁ